የቆቦ በሬና የሕንድ ላም

ከወልድያ ተነሥተን ወደ ሰሜን በተጓዝን ጊዜ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ ቀስ በቀስ ቀርቶ ሰፊው የራያ ሜዳ በፊታችን ተዘረጋ። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ይታያሉ፤ በመካከሉም የቆቦ ከተማ በማሽላ እርሻ ተከባ ትገኛለች። ወራቱ እሸት የደረሰበት ስለ ነበረ፣ ልጆች በማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቁ ነበር።

ያሳደሩን ሽማግሌ የማሽላ እሸት ጠብሰው አቀረቡልን። ማሽላ በጥንት ዘመን ከአፍሪካ ወደ ሕንድ ተሻግሮ፣ እስከ ዛሬ በዚያ አገር ቂጣ ተደርጎ እንደሚበላ ባወጋናቸው ጊዜ፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉን።

«ልጆቼ፣ እኔ በልጅነቴ ደሴ ስማር የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። ሥጋ ከቶ አይቀምሱም። እኛም ይጾማሉ ብለን ፋሲካቸውን ስንጠባበቅ ዓመቱ አለፈ። ኋላ ግን ላም ያመልካሉ የሚል ወሬ ሰማንና፣ ከበስተኋላቸው እንደ ላም እየጮኽን አላገጥንባቸው። እርሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡንም። ነገሩ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለመሆኑ ወሬው እውነት ነበርን?»

ይህ ጥያቄ በየቤታችን ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ሆነ፣ የመለስንላቸውን ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን።

በመጀመሪያ ሕንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም። ወደ አገራችን ከመጡት መምህራን ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በጥር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ከእኛ ጋር የተቀመጠች እኅት ናት።

የሂንዱ ሃይማኖት አንድ መሥራች የለውም፤ በብዙ ዘመን የተከማቸ ነው። ስሙም የወጣው ሲንዱ ከሚባለው ታላቅ ወንዝ ነው። ከመጻሕፍቱ ቀዳሚዎቹ በሳንስክሪት ቋንቋ የተደረሱት አራቱ ቬዳዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሪግ ቬዳ 1,028 መዝሙሮች አሉት፤ ዕድሜውም ወደ 3,000 ዓመት ይገመታል። እነዚህ መዝሙሮች በጽሑፍ ሳይሰፍሩ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ይተላለፉ ነበር። በመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ በቃሉ ያጠና የእኛ ተማሪ ይህን ድካም ያውቀዋል። ኋላም ኡፓኒሻዶች ተጨመሩ፤ ማሃባራታ በሚባለው ረጅም ታሪክ ውስጥ የሚገኘው 700 አንቀጽ ያለው ባጋቫድ ጊታ እጅግ የተወደደ ነው።

ትምህርታቸው ነፍስ ከሞት በኋላ በሌላ አካል ትወለዳለች፤ ካርማ የሚሉት የሥራዋ ፍሬም ይከተላታል፤ የመጨረሻ ተስፋዋ ከዚህ ዑደት ነጻ መውጣት ነው የሚል ነው። እኛ ትንሣኤ ሙታንን የምንጠብቅ ስለ ሆንን በዚህ ከእነርሱ እንለያለን። በየቤታቸው የጸሎት ስፍራ አለ፤ በዚያም መብራት ያበራሉ፣ አበባና ዕጣን ያቀርባሉ። ቪሽኑና ሺቫን የመሳሰሉ ብዙ አማልክት ሲኖሯቸው፣ ከመካከላቸው ብዙዎች እነዚህ ሁሉ የአንድ አምላክ መገለጫዎች ናቸው ይላሉ። በሰዎች መካከልም በትውልድ ከፍና ዝቅ የማድረግ ብርቱ ልማድ ስለ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት «የማይነኩ» ተብሎ ሰውን መለየትን ከለከለ።

ስለ ላሟም ቢሆን ዓለምን ፈጠረች አይሉም። ወተቷን ስለምትሰጥ፣ ወይፈኗም ስለሚያርስ እንደ እናት ያከብሯታል፤ አይገድሏትምም። ሥጋ የማይበሉት ሂንዱዎች ሁሉ ባይሆኑም፣ የሚተዉት ሕይወት ባለው ፍጡር ላይ ጉዳት አለማድረስን እንደ ትእዛዝ ስለሚቆጥሩ ነው። ስለዚህም የመምህሩ መታቀብ እንደ ጾማችን ወራት የተቆረጠለት፣ ፋሲካም የሚፈታው አልነበረም።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው በበረቱ ወደ ተኛው በሬ አመለከቱ። «ይህ ዘጠኝ ዓመት አርሶልኛል። አሁን ደክሟል፤ ልጆቼም እንረደው ይላሉ፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ። እኔ በሬ አላመልክም፤ ውለታው ነው የያዘኝ። መምህሬን አንድ ቀን ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ባወቅሁ ነበር» አሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ በሌላው እምነት ላይ የሚያላግጥ ቃል ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ አብራችሁ አትሳቁ። የሌላውን እምነት በትክክል ማወቅ የራስን መተው አይደለም። ሃይማኖቱን በሚገባ ያወቀ ልጅ ለመጠየቅ አይፈራም። እኚህ አባት ግን ሊጠይቁ በወደዱ ጊዜ መምህሩን ከወዴት ያገኟቸዋል?