ኮከብ ከበሮ ሲመታ አሰማሁ ያልኩበት ቅዳሜ

ስለ ከዋክብት ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ፣ በቅዳሜው የወጣቶች ፕሮግራማችን የማስተማር ተራው የእኔ ነበር። ስልኬን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁና አንድ ድምፅ ለቀቅሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ከበሮ የሚመታ ሰው ይመስላል፤ ምቱ ግን ለአፍታ እንኳ አይዛነፍም። «ይህ ኮከብ ነው» አልኩ። «የሳይንስ ሰዎች ጆሯቸውን ወደ ሰማይ ቢያቀኑ፣ ኮከብ ፈጣሪውን ሲያመልክ ሰሙ!» አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን ምቱን ይዞ ገባበት። ትምህርቴ ከመዝሙር 19 ነበር፤ እንደዚያ ቀን የተጨበጨበልኝ ጊዜ አላስታውስም።

ድምፁን ያገኘሁት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ልኮልኝ ነው። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም።

መጨረሻ ላይ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያበዛም። «መምህር፣ ባለፈው ወር ፊዚክስ ስታስጠናን ድምፅ ያለ አየር አይሄድም ብለኸናል። ጠፈር ላይ ደግሞ አየር የለም። ታዲያ ይሄ በምን መጣ?» አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ኮሌጅ የተማርኩት ፊዚክስ ነው። ነገር ግን ጭብጨባው ገና ከጆሮዬ አልወጣም፤ አዳራሽ ሙሉ ዓይን እያየኝ ነው። «ወንድሜ፣ ዛሬ የአምልኮ ቀን ነው እንጂ የፈተና ቀን አይደለም» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። ልጁም ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በተከታዩም አልመጣም።

መልሱ ይኸው ነው። ያ ኮከብ ፑልሳር ይባላል፤ ወደ እኛ የሚልከው ድምፅ ሳይሆን የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱን ተቀብሎ በድምፅ ማጉያ «ጠቅ» ያሰኘው ሰው ነው። ቤታችሁ ያለው ሬዲዮም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የጋዜጠኛው ድምፅ ከአዲስ አበባ እየጮኸ በአየር ላይ አይመጣም። ቢመጣማ ከዚያ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው ሕዝብ ጆሮውን ይዞ በሸሸ ነበር። የሚመጣው ሞገድ ነው፤ ድምፅ የሚያደርገው መሣሪያው ነው። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

የሚቆጨኝ ደግሞ እውነተኛው ታሪክ እኔ ካሰማሁት የሚበልጥ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆሴሊን ቤል የምትባል የሰሜን አየርላንድ ልጅ፣ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን የሆነች የ24 ዓመት ወጣት፣ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቷን ትማር ነበር። ከባልደረቦቿ ጋር ሁለት ዓመት በመዶሻ እንጨት ስትተክልና ሽቦ ስትወጥር ቆይታ አንድ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሠሩ። ከሺህ በላይ ቋሚ አለው፤ ፎቶውን ላየ ሰው የልብስ ማስጫ ገመድ የተዘረጋበት ሜዳ ይመስላል። መሣሪያው ከሰማይ የሚቀበለውን በብዕር በወረቀት ላይ ይሥላል፣ በቀን 30 ሜትር ያህል። ያን ሁሉ ወረቀት የምታነብበው እሷ ናት፣ በዓይኗ።

በነሐሴ ወር ወረቀቱ ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰች ጭረት አየች። የተለመደ የሰማይ ምልክት አትመስልም፤ ከሰው መሣሪያ የመጣ ጥልፍልፍም አትመስልም። ልታልፋት ትችል ነበር። እሷ ግን የቆዩትን ወረቀቶች አገላበጠች፤ ያችው ጭረት ከዚያው ከአንዱ የሰማይ ክፍል ስትመጣ አገኘቻት። በኅዳር ወረቀቱን በፍጥነት እንዲሄድ አድርጋ ስትቀዳ ምቱ ተለይቶ ወጣ፤ በየ1.33 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ ማይክራፎን እይዝ ነበር። እነሱ ግን ያገኙትን ራሳቸው ለማፍረስ ተነሡ። ከጨረቃ ተንጸባርቆ የመጣ ራዳር ይሆን? ሳተላይት ይሆን? ከቴሌስኮፑ አጠገብ ያለው የቆርቆሮ ሕንፃ ያመጣው ይሆን? ግማሽ በቀልድ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል ስም እንኳ አውጥተውለት ነበር። አንዱ ፍንጭ ሰዓቱ ነው። ምልክቱ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። ኮከብ ወደ ቦታው የሚመለሰው በ24 ሰዓት ሳይሆን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነውና፣ ይህ ከምድር ፋብሪካና ጣቢያ ሰዓት ጋር አይገጥምም፤ ከከዋክብት ሰዓት ጋር ነው የሚገጥመው። ከዚያ በታኅሣሥ፣ ከሌላ የሰማይ ክፍል፣ ሁለተኛ ተመሳሳይ ምልክት አገኘች። የአረንጓዴዎቹ ሰዎች ነገር በዚያው አበቃ። ጽሑፉ የታተመው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ በየካቲት 1968 ነው።

ምንጩ የሞተ ኮከብ እምብርት ነው። አንድ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ መሐሉ በራሱ ክብደት ይደረመሳል፤ ውጪው ይፈነዳል። የሚቀረው ከፀሐይ የሚከብድ፣ ስፋቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ኳስ ነው። ከድሬ ዳዋ ሐረር ያለውን መንገድ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህ ኳስ ይሽከረከራል፤ እንደ አምቡላንስ መብራት አስቡት። መብራቱ ሁልጊዜ በርቷል፤ እኛ የምናየው ግን ወደ እኛ በዞረ ቁጥር ነው። በ1054 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ቻይናውያን በቀን ሳይቀር ያዩት አንድ ፍንዳታ ነበር፤ በእኛ አገር ላሊበላ ከመንገሡ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ማለት ነው። ከዚያ ፍንዳታ የቀረው ፑልሳር ዛሬም በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይዞራል።

በ1974 ለዚህ ግኝት የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ የተሸለመው አስተማሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ ነው፣ ከማርቲን ራይል ጋር። እሷ አልተሸለመችም። በ2018 ግን ሌላ ትልቅ ሽልማት፣ ሦስት ሚሊዮን ዶላር፣ ተሰጣት። ገንዘቡን በሙሉ ፊዚክስ ለመማር ዕድል ለሚያጡ ወገኖች የትምህርት ድጎማ እንዲሆን ሰጠችው። እኅቶች፣ ይህችን ሴት ልብ በሉልኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሚያዝያ ላይ ሳቢያን ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ መብራት ጠፍቶ ቤት ውስጥ በሙቀት መቀመጥ አይቻልም። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡኝና «መምህር፣ አናግረው እስቲ፣ ምን እንደሆነ ለእኔ አይነግረኝም» ብለው ተነሡልን። እኔ ንግግር ተዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ ጥርጣሬና ስለ ወጣትነት። ሳልጀምረው አቋረጠኝ።

«አልተጠራጠርኩም። ባታውቀው ኖሮ ምንም አልልም ነበር። አንተ መልሱን ታውቀዋለህ። ራስህ ነህ ያስተማርከን።»

ምን ይባላል? ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ስለ ጆሴሊን ቤልና ስለ ወረቀቶቿ ነገርኩት። ሲሰማ ቆይቶ «ሁሉም ነገር እዚያ ማዶ ነው፣ እኛ ጋ ምንም የለም» አለ።

እዚህ ላይ የምነግረው ነበረኝ። ራጅ ታውቃላችሁ፤ ሐኪም ቤት አጥንት የሚያሳየው ጨረር። አንዳንድ ፑልሳሮች ጎረቤት ኮከብ አላቸው። ከጎረቤታቸው የሚስቡት ጋዝ እየወደቀባቸው በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ይግላል፤ ራጅም ይረጫል። አየራችን ግን ያንን ጨረር ስለሚያስቀረው፣ ለማየት ከአየር በላይ መውጣት ግድ ነው። ራጅን ከሰማይ ለመፈለግ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተነሣችው ከአሜሪካ ምድር አይደለም። ከድሬ ዳዋ በአየር መስመር ወደ ደቡብ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ የኬንያዋን ማሊንዲ ታገኛላችሁ። እዚያ ባሕሩ ላይ ጣሊያኖች ያቆሙት የማስወንጨፊያ መድረክ ነበር፤ ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ የምድር ዙረት ለሮኬቱ ጉልበት ይጨምርለታል። ቀኑ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኬንያ ነፃ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት። ስለዚህ ሳተላይቷን «ኡሁሩ» አሏት፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው።

ኡሁሩ ከሦስት መቶ በላይ የራጅ ምንጮችን መዘገበች። ከሁሉ የሚገርመኝ ሴንታውረስ ኤክስ-3 የተባለው ነው። በየ4.8 ሴኮንዱ ይመታል። ደግሞ በየሁለት ቀኑ ከትንሽ ሰዓት በኋላ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። መሣሪያው የተበላሸ ይመስላል። ነገሩ ግን ኮከቡ በትልቁ ጎረቤቱ ዙሪያ ሲዞር ከጀርባው እየተሸሸገ ነው፤ ግርዶሽ ማለት ነው። የሥራው መሪ ሪካርዶ ጂያኮኒ በ2002 ኖቤል ተሸለመ።

ልጁ ቀና አለ። «የት ጋ ነው?» አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማይክራፎኑን ይዤ የካቲት ላይ ያልኩትን አረምኩ። ድምፁ የኮከብ ድምፅ እንዳልነበረ፣ አንድ ወንድማችን በትክክል ጠይቆኝ እንዳሳቅሁበት ተናገርኩ። ማንም እልል አላለም። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ውጭ ጠብቀው «ማን ጠየቀህ? ሕዝቡ ደስ ብሎት ነበር እኮ» አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ ሊያጽናኑኝ ነው። ቤት ስገባ መዝሙር 19ን እንደገና ከፈትኩ። እናንተም አንብቡት፤ ዘማሪው ሰማያት ይናገራሉ ካለ በኋላ ስለ ድምፃቸው የሚለውን ተመልከቱ። ስንት ዓመት እያስተማርኩት ያን መስመር ዘልዬ አልፌዋለሁ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ መብራት ሲጠፋ ልጁ ደወለልኝ። እነሱ ግቢ ቆመን ወደ ደቡብ አየን። የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት ከደንገጎ ተራሮች በላይ ዝቅ ብለው ቆመዋል። ሴንታውረስ ኤክስ-3 ከእነሱ በስተቀኝ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ ራጁም አየራችንን አልፎ አይደርስም። ልጁ የስልኩን ሰዓት ከፍቶ በየ4.8 ሴኮንዱ ጣቱን እያነሣ ይቆጥር ጀመር። ሃያ ላይ ሲደርስ መብራት መጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዋክብቱ ከመንገድ መብራቱ ጀርባ ጠፉ።

«ሃያ አንድ» አለ፣ መብራቱን በእጁ ከልሎ።