ለምኑ ነው «ሶሪ»?

ዛሬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃልና ስለ ልጃችን እንጽፍላችኋለን። ቃሏ «ሶሪ» ናት።

እርግጥ «ሶሪ»ን ያወቅናት አሜሪካ ስንመጣ አይደለም። አዲስ አበባም ታክሲ ውስጥ የሰው እግር ስንረግጥ «ሶሪ» እንል ነበር። ስፋቷን ያየነው ግን እዚህ ነው። አውቶቡስ ላይ ሰው አልፈን ስንወርድ «ሶሪ» እንላለን። የተባለው ሳይሰማን ሲቀር፣ እንዲደገምልን «ሶሪ?» ብለን እንጠይቃለን። የሥራ ባልደረባችን እናቷ ሲሞቱባት፣ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በምንልበት ቦታ የምንላት «ሶሪ» ነው። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምንለውም በዚችው ቃል ይተካል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ተጎሳቁሎ የሚያሳዝንን ነገር ሳይቀር «ሶሪ» ይሉታል።

ብዙ ሰው ቃሏ ሐዘን ማለት ከሆነው «ሶሮው» የመጣች ይመስለዋል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። «ሶሪ» ዘመድነቷ ከ«ሶር» ጋር ነው፤ ትርጉሙም የቆሰለ፣ የሚያም ማለት ነው። ስለዚህ «ሶሪ» ያለ ሰው ከሥሩ ሲታይ «አሞኛል» እያለ ነው። መልካም ቃል ናት። እኛ ግን ተደበቅንባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሳምንት ለእሁድ መባ ብለን በፖስታ ያስቀመጥነው 60 ዶላር ጠፋን። ፖስታው ከነበረበት መሳቢያ አጠገብ የታየችው የ12 ዓመት ልጃችን ናት። ጠየቅናት፤ «አልወሰድኩም» አለች። አላመንናትም። በታናሽ ወንድሟ ፊት «ከሰረቅሽው ይልቅ የዋሸሽው ይብሳል» አልናት። አልቅሳ ክፍሏ ገባች። ሦስት ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ቀና ብላ አልተነጋገረችም፤ እኛም ዝምታዋን የጥፋተኝነት ምልክት አድርገን ቆጠርነው።

ቅዳሜ ማታ ለጠዋት ልብስ ስናዘጋጅ ፖስታው ከኮታችን ኪስ ወጣ። ራሳችን ነበርን ያስቀመጥነው። ወደ ክፍሏ ሄድንና በሩን ገፋ አድርገን «ሶሪ፣ ተገኝቷል» አልናት። ልንመለስ ስንል በእንግሊዝኛ «ሶሪ ለምኑ?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። የትኛው «ሶሪ» ነበር? አውቶቡስ ላይ የማናውቀውን ሰው ስንገፋ የምንለው ነው? ወይስ የተባለው ሳይሰማን ሲቀር የምንለው? ብዙ ትርጉም ያላትን ቃል የመረጥነው አንዱንም ትርጉም ላለመሸከም ነበር። ደግሞስ ባደግንበት ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ መቼ አየን?

በዚያ ሌሊት ጌታ በማቴዎስ 5 ያስተማረው ነገር እንቅልፍ ነሳን። መባህን ወደ መሠዊያው ስታመጣ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ብታስብ፣ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። መባው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ የተቀየመችብን ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታለች። በሉቃስ 15 ያለውን የጠፋውን ልጅም አስታወስን። ወደ አባቱ ሲመለስ የተናገረው ስለ ስሜቱ አልነበረም። ኃጢአት ማድረጉን፣ ማንንም እንደ በደለ በግልጽ ተናገረ።

«ይቅርታ» የሚለው የራሳችን ቃል እዚህ ላይ ከበደን። «ይቅር» ማለት «ይተው» ማለት ነው። «ሶሪ» ስለ እኔ ሕመም ይናገራል፤ ተናግሬውም ልሄድ እችላለሁ። «ይቅርታ» ግን ልመና ነው። የምለምነው ነገር በተበደለው ሰው እጅ ስላለ፣ እስኪመልስልኝ መቆም አለብኝ።

እሁድ ጠዋት ከቤት ከመውጣታችን በፊት አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥን። «የኔ ልጅ፣ ሌባ አድርገንሻል፤ አልሰረቅሽም። ውሸታም ብለንሻል፤ እውነቱን ነግረሽን ነበር። በድለንሻል፤ ይቅርታ አድርጊልን» አልናት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ለወንድሜም ንገሩት» አለች። እውነቷን ነው፤ ስሟ የጎደፈው በእሱ ፊት ነው። ጠራነውና ያንኑ ቃል አንድም ሳናስቀር በፊቷ ደገምነው። እሷ ያን ጠዋት «ይቅር ብያችኋለሁ» አላለችም። ያለችን ከሳምንት በኋላ ነው፤ ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር። ያ ሳምንት ረጅም ነበር፤ ግን የሚገባን ነበር።

ወገኖች፣ «ሶሪ» አትበሉ አንልም። ለተረገጠ እግር ትበቃለች። ለቆሰለ ልብ ግን የሠራነውን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። በጸሎታችንም እንዲሁ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ በሁሉ ማረን» ብለን የምናልፈው ብዙ ጊዜ አንዱንም ላለመጥራት ነው። ዛሬ በችኮላ «ሶሪ» ብላችሁት የሄዳችሁት ሰው አለ? ተመለሱና ለምኑ እንደሆነ ንገሩት፤ መልሱ ቢዘገይም ታገሡት።

ጌታ ይርዳን። ተባረኩ።