በቤቴ መሠረት ውስጥ የገባው ምሽግ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ዓመት ነገሌ ቦረና ላይ ቤት ጀመርኩ። ለመሠረት የሚሆን ሁለት ሲኖትራክ ድንጋይ ገዛሁ። ደላላው «ግንበኛህ ይመርቅሃል» ብሎኝ ነበር፤ አልዋሸም። ጠፍጠፍ ያለ፣ መዶሻ ብዙም የማይፈልግ ድንጋይ ነው። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ዋጋው ደህና ሲሆን ሰው ብዙ አይጠይቅም።

በሦስተኛው ቀን ግንበኛው «ጋሼ፣ ይቺን ከድንጋዩ መሀል አገኘኋት» ብሎ አንድ የጥይት ቀለህ ሰጠኝ። ናሱ አረንጓዴ ሆኗል። ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጉብታ ነገረኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

አናቱ ላይ በግማሽ ክብ የዞረ የድንጋይ ግንብ አለ። ግማሹ ተጭኗል፤ የሲኖትራኩ ጎማ ዱካ ገና ትኩስ ነው። ያ የጎደለው ግማሽ የኔ ቤት ሥር ነው።

የነገሌ ልጅ ሆኜ «ይሄ ምንድነው?» ለሚለኝ መልስ አልነበረኝም። በልጅነታችን ሁሉንም «የጣሊያን ምሽግ» ነበር የምንለው። ነገር ግን በኛ አገር ጦርነት ያለፈው አንዴ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጥር ወር የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ገናሌ ዶርያ ላይ ከግራዚያኒ ጋር ተዋጋ፤ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ተደብድቦ ተፈታ፤ ጥር 11 ቀን ነገሌ ተያዘች። በ1933 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከደቡብ ሲመጣ መከላከሉ የጣሊያን ተራ ሆነ። የካቲት 11 ቀን የሜጋ ምሽግ ለደቡብ አፍሪካ ወታደሮች እጁን ሰጠ። ከዚያ በ1969 የሶማሊያ ወረራ መጣ። ሦስቱም በምሽግ ላይ ምሽግ ጥለው አለፉ።

ታዲያ የትኛው ነው? መጀመሪያ ወዴት እንደሚያይ አየሁ። ፊቱ ወደ ዶሎ ነው። ይሄ ብቻውን አይነግርህም፤ የ1928ቱም የ1969ኙም ጠላት በዚያው በኩል ነው የመጣው። ቀጥሎ ግንቡን አየሁ። ታች ያለው ረድፍ በሲሚንቶ ተያይዟል። ከሱ በላይ ያለው ግን ያለ ማያያዣ የተደረደረ ካብ ነው፤ በችኮላ የተሠራ ይመስላል። የከብት በረት እንዳልል ደግሞ መግቢያው ጠባብና የታጠፈ ነው፤ ከውስጥ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚጠብ መተኮሻ ቀዳዳም አለው። ለከብት ማን እንዲህ ይሠራል?

ቀጥሎ ቀለሁን አየሁት። ሥሩ ላይ ሁለት የላቲን ፊደልና 52 የሚል ቁጥር አለ። እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱ የተሠራበት ዓመት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1952 ማለት ነው። በ1952 የተሠራ ጥይት በራስ ደስታም በጣሊያንም ዘመን ሊተኮስ አይችልም።

በመጨረሻ ሰው ጠየቅኩ። ከጉብታው ሥር ከብት የሚያግዱ አንድ ሽማግሌ አሉ። «አባባ፣ ይሄን ማን ሠራው?» አልኳቸው። ዓመተ ምሕረት አልጠሩም፤ በየስምንት ዓመቱ በሚለዋወጠው ገዳ እየቆጠሩ «በእገሌ አባ ገዳ ጊዜ» እያሉ ነው የነገሩኝ። የታችኛውን ጣሊያን አሠራው፤ ድንጋዩን የተሸከሙት የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ አንዱ የእሳቸው አባት ነበሩ። የላዩን በሶማሊያው ጦርነት ሚሊሻው ካበው። «ሲሚንቶ ያለውን መንቀል ስለከበዳቸው ተዉት። የናንተን ነው የወሰዱት ልጄ» አሉኝ።

«የናንተን» ያሉት አባቴን ስለሚያውቁት ነው። አባቴ በ1969 ሚሊሻ ነበር፤ የሚይዘው ኤም ዋን ነበር። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ «ሌሊቱ ይበርድ ነበር» ብቻ ነበር የሚለው። የት እንደበረደው ጠይቄው አላውቅም። ያ ቀለህ የሱ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከዚያ ጉብታ ላይ ስንት ሰው እንደተኮሰ ማን ያውቃል። ግን እዚያ ካብ ላይ ድንጋይ ካነሱት እጆች መሀል የሱም ሊኖር ይችላል። እኔ ደግሞ በሜትር ኪዩብ ገዛሁት።

አንድ ቢሮ ሄጄ ሳመለክት «ያልተመዘገበ ቅርስ አይደለም» ተባልኩ። ለምን አልተመዘገበም? ማንም ምን እንደሆነ ስላልለየው። ለምን አልለየውም? ስላልተመዘገበ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ማሳወቅ የሚችለው ግን ያየውን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግሊዞች በ1932 ክረምት ጀርመን ትመጣብናለች ብለው በየእርሻው ዳር የሲሚንቶ ምሽግ ሠሩ፤ ወደ 28,000 ይገመታል። ጀርመን አልመጣችም። እንደዚያም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች፣ ጡረተኛው፣ አስተማሪው፣ ካርታና ካሜራ ይዘው እየዞሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ የጦርነት ቦታዎችን መዘገቡ። የኛዎቹ ግን ሰው የሞተባቸው ናቸው።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። ጣሊያን ግራዚያኒን «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ሰጠችው። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። የከተማችንን ስም የወሰደው ሰው ሐውልት አለው። ከተማችንን የጠበቁት ሰዎች ካብ በሲኖትራክ ይጫናል። ይሄን ደግሞ ጣሊያን አላደረገውም፤ እኔ ነኝ ከፍዬ ያስጫንኩት።

መሠረቱን አላፈረስኩም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አቅሙም የለኝም። ያደረግኩት ይሄን ነው፤ የቀረውን ግንብ ለካሁ፣ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ፣ ቦታውን በስልኬ ጂፒኤስ ያዝኩ፣ የሽማግሌውን ቃል ቀዳሁ። ቀለሁን ከነታሪኩ ወረቀት ላይ ጽፌ አስቀመጥኩ። ለሹፌሩም ነገርኩት፤ «ማን ነግሮኝ ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ነገሌ፣ ፊልቱ፣ ዶሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ ያላችሁ፣ ከከተማችሁ ወጣ ስትሉ የድንጋይ ግማሽ ክብ ካያችሁ ቆም በሉ። ወዴት ያያል? ሲሚንቶ አለው ወይስ ካብ ነው? ቀዳዳው እንዴት ነው? አካባቢው ያለ ሽማግሌ ምን ይላል? ፎቶ አንሱ፣ ጻፉ። አትቆፍሩ፤ ያልፈነዳ ነገር አሁንም ሰው ይገድላል። ከሁሉ በፊት ግን አባታችሁ በሕይወት ካለ፣ የት እንደበረደው ዛሬ ማታ ጠይቁት።