የትኛው አበበ?

የራሱን ስም ጎግል ላይ ያልፈለገ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም፤ ፈለግሁ ብሎ የሚናገር ግን ብርቅ ነው። አበበ ብቻ ብዬ ስጽፍ በሶ የሚበላውና በባዶ እግሩ የሮጠው ተሽቀዳድመው መጡ። ስለዚህ አባቴን ጨመርኩ፦ አበበ ጸጋዬ። አሁን ደግሞ መሐንዲስ፣ ዘማሪ፣ የእግር ኳስ ዳኛ፣ ቤቱ በሐራጅ የሚሸጥ ባለዕዳ ተሰለፉ። በባለዕዳው ምክንያት አንድ ወዳጄ ደውሎ «አይዞህ» ብሎኛል። ጸሎቱን ጸ ትቼ በፀሐዩ ፀ ስሞክር ሌላ ሰልፍ ጠበቀኝ። ሰፈሬን ባክልበት ይጠራ ይሆናል ብዬ ቀበና አልኩ፤ ከእንጦጦ ወርዶ ወደ አቃቂ የሚሄደው ወንዝ መጣ፣ ኤምባሲዎች መጡ፣ በላቲን ፊደል ስጽፈው ደግሞ የጉራጌ ጎረቤት የሆነው የቀቤና ሕዝብ መጣ። እኔ የለሁም።

የዚህ ግርግር ሥሩ የት ነው ብዬ ስቆፍር 1952 ዓ.ም. ላይ ደረስኩ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው በዚያ ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም አለው ይላል። አለኝ ማለት ነው፤ የነገረኝ ጠፋ እንጂ። ሕጉ የጸናው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5 ቀን ምሽት፣ ያ ባለ ባዶ እግሩ አበበ ሮም ላይ ማራቶኑን አሸንፎ ነበር። ዓለምም ቢቂላ ብሎ ጠራው። ልጅ ሮጦ አባት ተጨበጨበለት። ኋላ ቀነኒሳ ሲያሸንፍም የተወደሱት አቶ በቀለ ናቸው።

አገር ቤት ግን አንቀጹን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። እምቢተኝነት አይመስለኝም፤ አላስፈለገማ። የወንድሜ ልጆች አባቴን በሦስተኛነት ይዘውታል፣ የእነሱ ልጆች ይጥሉታል። የማን ዘር መሆንህን መዝገብ ሳይሆን ጎረቤት ነው የሚያውቀው። ቀበና መጥቶ አበበን ለሚፈልግ እንግዳ ባለሱቋ «የትኛው? ሾፌሩ፣ ረጅሙ ወይስ የመምሬ ልጅ?» ትለዋለች። ረጅሙ እኔ ነኝ። ረጅም ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሾፌሩ ከእኔ ስለሚያጥር ነው።

ባለሱቋ በሌለችበት አገር ነው ጣጣው። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ቅጽ ስትሞላ የቤተሰብ ስም የሚል ባዶ ቦታ ገጠማትና አያታችንን ጻፈችበት። ዕድሜ ልካቸውን ከእንጦጦ ወዲያ ሲያርሱ የኖሩ ሰውዬ፣ ካረፉ ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬ ለጥርስ ቀጠሮ ይጠራሉ፤ እህቴ ትነሳለች። ልጆቿም በእሳቸው ይጠራሉ። የሬኔ ዳቪድ አንቀጽ ውቅያኖስ ተሻግሮ በጥርስ ሐኪም ቤት ተፈጸመ።

መንግሥት አሁን ስማችንን ማጥራቱን የተወው ይመስላል፤ በፋይዳ መታወቂያ 12 አሃዝ ሰጥቶናል። ሁለት አበበዎች አንድ ቁጥር አይጋሩም አሉ። የእኔን ግን ጎግል ላይ ልጽፈው አልደፈርኩም። ባለዕዳው ቢመጣስ?