ባሕታዊ የተባለው ማኅበርተኛ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ዳሩ ግን ስም አውጪው ሰው ሲሆን፥ ያውም ከሩቅ አይቶ ሳይመረምር የሰየመ ሰው ሲሆን፥ ስሙ ለተሸካሚው መከራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በባሕር ዳር ከሚኖሩት የሸርጣን ወገኖች አንዱ፥ ቀንድ አውጣ ሞቶ የተወውን ዛጎል ቤት አድርጎ በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር ነው። እንግሊዞች ይህን ፍጥረት በዛጎሉ ውስጥ ብቻውን ተከትቶ ቢያዩት ባሕታዊ ሸርጣን አሉት። በዚህም ስም ምክንያት ብዙው በየቤቱ ብቻውን ተዘግቶበት ይኖራል።

በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. አንድ ሰው በአሜሪካ አገር ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ፥ ሚስቱንና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ወደ ኦሽን ሲቲ ወረደ። ኦሽን ሲቲ በሜሪላንድ ግዛት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በአገር ቤት ክረምቱ ሲበረታ በዚያ ሙቀቱ የሚጠናበት ወራት ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ለመዋኘትና ለመናፈስ ይጎርፍባታል። ከባሕሩ አጠገብ ሳንቃ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች በአንዱ፥ በሽቦ ቀፎ የታጎሩ ሸርጣኖች ይሸጡ ነበር። ዛጎላቸው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ልጅቱ ካንዱ ፊት አልነቃነቅ አለች። ሻጩም «አያስቸግርም፤ እርጥብ ስፖንጅና ጥቂት ምግብ ይበቃዋል» አለ። አባትየው በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነውና ስሙን በሰማ ጊዜ ፈገግ ብሎ፥ «ባሕታዊ ከሆነስ ጓደኛም አያሻው» አለና አንድ ብቻ ገዛ።

ሸርጣኑ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሽቦውን እየቧጠጠ ይወጣ ይወርድ ነበር። ኋላ ግን ፈዘዘ፤ ምግብም ተወ። ልጅቱ ይህን አይታ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ሸርጣን የተጻፈ መጽሐፍ ተውሳ መጣችና ከአባቷ ጋራ አብረው አነበቡት።

መጽሐፉ የገለጠላቸው ነገር አስደነገጣቸው። ይህ ፍጥረት ምንም በየብስ ቢኖር የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው፤ ስንጥቡም ከደረቀ ይታፈናል። ስለዚህ በዙሪያው ያለው አየር ርጥበቱ ከመቶ 75 እስከ 80 እጅ፥ ሙቀቱም ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባል። በሽቦ ቀፎ ውስጥ የተቀመጠ ሸርጣን እንግዲህ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየታፈነ ነው። ሞቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ግን አሳዳጊው ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል።

አባትና ልጅ ክዳን ያለው የመስተዋት ሣጥን አበጁለት። በውስጡም የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ የተቀላቀለበት እርጥብ አሸዋ፥ ጥልቀቱ ከሸርጣኑ ቁመት ሦስት እጥፍ የሚበልጥ አድርገው ጨመሩ። ሁለት የውኃ ገበታም አኖሩ፤ አንዱ ክሎሪኑ የተወገደለት ጣፋጭ ውኃ፥ ሁለተኛው ለባሕር ዓሣ ማኖሪያ ተብሎ የሚሸጠው ጨው የተበጠበጠበት ነው፤ የወጥ ጨው ለዚህ አይሆንምና። ቀለም ያልነካቸው ዛጎሎችም በዳር በዳሩ አስቀመጡ። በሦስተኛው ሌሊት ሸርጣኑ አንዱን ዛጎል በመቆንጠጫው ለካ፥ ውስጡንም ዳሰሰ፤ ከዚያም እንደ ዐይን ጥቅሻ ፈጥኖ ከቀይ ቤቱ ወጥቶ ገባበት። ልጅቱ በደስታ አጨበጨበች።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሸርጣኑ አሸዋውን ቆፍሮ ገባና ጠፋ። አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት ዐለፈ። በሦስተኛው ሳምንት አባትየው፥ ልጄ የበሰበሰ ሬሳ ታገኛለች ብሎ ፈራ። እርሷ ከተኛች በኋላ የእንጨት ማንኪያ ይዞ አሸዋውን በቀስታ ገለጠ። ከታች እንደ ትንሽ ዋሻ ያለ ባዶ ስፍራ አገኘ፤ በዚያም ውስጥ ሸርጣኑ ነጥቶ፥ እንደ ረጠበ ወረቀት ለስልሶ ተኝቶ ነበር። አንድ እግሩን አንቀሳቀሰ። ሰውየው ደንግጦ አሸዋውን መለሰበት። በሁለተኛው ቀን ግን ከሣጥኑ የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ወጣ።

ልጅቱ ነገሩን በሰማች ጊዜ አላለቀሰችም። «አባዬ፥ ለምን ቀሰቀስኸው?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። እርሱም መልስ አጣ።

ያላነበቡት ምዕራፍ ይህ ነበረ። የሸርጣን ገላ ሲያድግ የገዛ ቅርፊቱ አብሮት አያድግም፤ ስለዚህ ዘመኑ ሲደርስ ብዙ በልቶና ጠጥቶ ከአሸዋ በታች ይሰወራል። በዚያም አሮጌውን ቅርፊት ይጥላል። አዲሱ ገላው እስኪጠነክር ድረስ ከጠላትም ከብርሃንም ተሸሽጎ፥ የጣለውን ቅርፊት እየበላ ኖራውን ወደ ሰውነቱ ይመልሳል። እግር የተቆረጠበትም እንደ ሆነ አዲስ እግር የሚያወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ትንሹ አንድ ወይም ሁለት ወር፥ ትልቁ ከዚያ የበለጠ ይቆያል። መሞቱን የሚናገረው ሽታው ነው እንጂ ዝምታው አይደለም። እናትዮዋ ይህ በተነበበ ጊዜ፥ «ሱባኤ ገብቶ ነበራ! ሱባኤ የገባውን ማን ይነካል?» አለች።

በዚያው መጽሐፍ የሸርጣኑ የሊቃውንት ስም ተጽፎ ነበር፤ ኮይኖቢታ ይላል። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1829 የሰጠው ፒየር አንድሬ ላትሬይ፥ በቅስና የተሾመ የፈረንሳይ የፍጥረት መርማሪ ነበረ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን፥ በአንድነት የሚኖር መነኵሴ ማለት ነው። አባትየው ይህን ባየ ጊዜ መጽሐፉን አጠፈው። አባ እንጦንስ ብቻውን በበረሓ እንደ ኖረ፥ አባ ጳኩሚስ ግን መነኮሳትን በአንድ ሥርዓት ሰብስቦ እንዳኖረ በልጅነቱ ተምሮታል። ሸርጣኑ የጳኩሚስ ወገን ሆኖ ሳለ እርሱ የእንጦንስ ወገን አድርጎ አኑሮታል።

እንዲህ ነውና፤ እነዚህ ፍጥረታት በቀይ ባሕርም ሆነ በካሪብያን ዳርቻ የሚኖሩት በጉባኤ ነው። ማዕበል አንድ ትልቅ ዛጎል በጣለ ጊዜ ብዙዎች ተሰብስበው በቁመታቸው ልክ ይሰለፋሉ። ትልቁ ወደ ባዶው ሲገባ ሁለተኛው የርሱን ይወርሳል፤ ሦስተኛውም የሁለተኛውን፤ እንዲህም እያለ እስከ ታናሹ ይደርሳል። የአንዱ ዕድገት ለሁሉ ቤት ይሆናል።

በገበያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከተወለዱበት ዳርቻ የተለቀሙ ስለ ሆኑ፥ አባትየው ዳግመኛ ከሱቅ ሊገዛ አልወደደም። በኅዳር ወር አንድ ቤተ ሰብ ማሳደግ የታከታቸውን ሦስት ሸርጣኖች ተቀብሎ በመስተዋቱ ሣጥን አኖራቸው። ጥር 25 ቀን ከሦስቱ ትልቁ አሸዋ ገባ። ልጅቱ ቀኑን በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ አሰመረችበት። አባትየው በየማታው ከሣጥኑ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ያሸት ነበር፤ እጁን ግን አልሰደደም። ቀድሞ ፍቅር መስሎት ያደረገው ነገር ፍርሃት እንደ ነበረ በዚያ ቁመት ላይ ሳለ ታወቀው።

ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስድሳ ስምንተኛው ቀን፥ ከሌሊት ሥራው ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ሲመለስ የመቧጠጥ ድምፅ ሰማ። ትልቁ ሸርጣን በአሸዋው ላይ ቆሟል፤ መቆንጠጫው ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ያበራል። ሁለቱም ጓደኞቹ ቀርበው በአንቴናቸው ይዳስሱታል። ሰውየው ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ጎሕ ሲቀድ ወደ ልጁ ክፍል ገብቶ በዝግታ፥ «ልጄ፥ ተነሺ፤ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሥቷል» አላት።