የግድግዳው ጋዜጣ የማን ነበር?

በገጠር ቤት አሮጌ ጋዜጣ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ጨውና ስኳር መጠቅለል ነው። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አቧራ መከልከል ነው። እኛ የዋሂል ጎልማሶች ፊደል ከቆጠርን ወዲህ ግን ሦስተኛ ሥራ አገኘንለት። እየሰበሰብን እናነበዋለን። ካነበብን በኋላም «ይህ ጋዜጣ የማን ነበር?» ብለን እንጠይቃለን።

ጋዜጣ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ወጣ። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚታደለው። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የካቶሊክ ሚስዮናውያን በሐረር በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። «ቅዱስ አልዓዛር» የሚባለው ማተሚያ ቤታቸውም በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ በ1933 ዓ.ም. መውጣት ጀመሩ። በከተማ ተነቦ ያለቀው ጋዜጣ ለባለሱቅ ይሸጣል። ከባለሱቁ ጨው ጠቅልሎ እኛ ዘንድ ይመጣል።

ታዲያ ባለቤቱ እንዴት ይገኛል? በመጀመሪያ ቀኑን እናነባለን። ቀጥለን ዳርና ዳሩን እናያለን። በፖስታ የመጣ ከሆነ የተቀባዩ ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኖርበታል። የመሥሪያ ቤት ከሆነ ማኅተም አለው። አንዳንዱ ሰው ስሙን በእጁ ይጽፍበታል። በመጨረሻ ወረቀቱን የሰጠንን ሰው «ከየት አገኘኸው?» እንለዋለን።

አንድ ቀን የ1956 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» እጃችን ገባ። በዳሩ ላይ በቀለም የተጻፈ የሰው ስም አለ። ከስሙ በታች ሦስት መስመር ተጽፏል። ሦስቱም የልጆች ልደት ናቸው። አንዱ በ1948፣ አንዱ በ1951፣ አንዱ በ1955 ዓ.ም. ይላል። አባትየው ሌላ ወረቀት አጥቶ ይሁን አይሁን እንጃ፤ የልጆቹን ልደት እዚያ አስቀመጠው።

ባለሱቁን ጠየቅን። እሱ ወረቀቱን ከቀፊራ ገበያ እንደገዛ ነገረን። የቀፊራው ነጋዴም ከየትኛው ቤት እንደገዛው አስታወሰ። ቤቱ የአንድ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሰውየው ሞተዋል፤ ልጃቸው ግን በሕይወት አሉ።

እዚህ ላይ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «በገንዘባችን የገዛነው ነው፤ ለምን እንመልሳለን? የምናነበው እንኳ የለን» አልን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት አባት «ወረቀቱ የኛ ነው፤ ጽሑፉ ግን የሳቸው ነው» አሉ። በዚህ ተስማማን። የታተመውን ወሬ በደብተር ገለበጥንና ጋዜጣውን ይዘን ሄድን።

ሴትዮዋ ማንበብ አይችሉም። እኛ አነበብንላቸው። «እናታችን፣ እርስዎ በ1951 ዓ.ም. ጥር 9 ቀን ተወልደዋል» አልናቸው። «ሰው ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ እኮ በግምት ነበር የምናገረው» አሉ። ሦስተኛውን መስመር ስናነብ ግን ዝም አሉ። በሕፃንነቱ የሞተ ወንድማቸው ነው። ስሙን ዳግመኛ አስነበቡን። ፎቶግራፍ የለውም። ያ መስመር ብቻ ነው ያለው።

ወገኖቻችን፣ በአዲስ አበባ ወመዘክር የቆዩ ጋዜጦች ይጠበቃሉ። የ1956ቱ «አዲስ ዘመን» እዚያ ሊገኝ ይችላል። የአባት የእጅ ጽሕፈት ያለበት ግን ያቺ አንዲት ቅጠል ብቻ ነበረች። ምድጃ ውስጥ ብትገባ ኖሮ የሕፃኑ ስም አብሮ ይነድ ነበር።

ስለዚህ ጋዜጣ ከመቅደዳችሁ በፊት ዳሩን አንብቡ። የሰው ጽሑፍ ካለበት ለይታችሁ አስቀምጡት። በሊጥ አትለጥፉት፤ አይጥና በረሮ ይበሉታል። ፀሐይ አታሳዩት፤ የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ስለሚሠራ በብርሃን ይቢጫል፤ ይሰባበራል። ሳትጨማድዱ በደረቅ ሣጥን አኑሩት። ባለቤቱንም ፈልጉ። ማንበብ መቻላችን ለራሳችን ብቻ አይደለም፤ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም አደራ አለብን።