ቁጥር 1ን የሚይዘው ፕሮግራም

ሊኑክስ ሲነሳ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም ያስነሳና ቁጥር 1 ይሰጠዋል። የቀሩት አገልግሎቶች ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው። እሱ ከሞተ ከርነሉም ይቆማል፤ ማሽኑ ድርቅ ይላል። እዚህ ቦታ የሚቀመጥ ፕሮግራም ትንሽ ቢሆን እመርጣለሁ።

*

«ድሮ ቀላል ነበር» ይባላል። ቁጥር 1ን ይይዝ የነበረውን የሲስተም ፋይቭ ኢኒትን ስክሪፕቶች ከፍቶ ያየ ሰው ግን ይህን በሙሉ አፉ አይናገርም። እያንዳንዱ አገልግሎት ከሌላው የተገለበጠ ረጅም የሼል ስክሪፕት ነበረው። የፕሮግራሙ ቁጥር በፋይል ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ሲሞት ፋይሉ ሊቀር ይችላል። ቁጥሩ ለሌላ ከተሰጠ በኋላ «አቁም» ቢባል፣ ጥንቃቄ በጎደለው ስክሪፕት የሚገደለው ምንም ያላጠፋው ነው። ኢኒት ራሱ አጭር ነበር፤ ውስብስቡ ስክሪፕቶቹ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር።

*

ፕሮግራመሩ ሌናርት ፖተሪንግ እ.ኤ.አ. በ2010 የድሮውን ኢኒት የሚተካውን ሲስተምዲን ሲያስተዋውቅ ይህንኑ ቁስል ነክቷል። አገልግሎትን በጥቂት መስመር መግለጽ፣ የማይጠባበቁትን ጎን ለጎን ማስነሳት፣ አንድ አገልግሎት የወለዳቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ሲግሩፕ በተባለው የከርነሉ የማቧደኛ ዘዴ መከታተል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ቅሬታዬ የሎግ መዝገቡንም አብሮ ማሰሩ ላይ ነው። አብሮት የሚመጣውን የሰዓት ማስተካከያ መተው ይቻላል፤ መዝገቡን ግን ነቅሎ መጣል አይቻልም።

*

በ2014 ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ቴክኒክ ኮሚቴ ነባሪውን ኢኒት ሲመርጥ አራት ለአራት ተከፈለ፤ ሲስተምዲ ያለፈው በሰብሳቢው ድምፅ ነው። ያልተስማሙት ተገንጥለው ዴቩዋንን መሠረቱ።

*

ማርች 2024። ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሮይንድ በኤስኤስኤች ከርቀት ወደ ማሽን መግባት በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ሲከታተል፣ ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ላይብረሪ ውስጥ የተቀበረ ሚስጥራዊ በር አገኘ። የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ ኦፕንኤስኤስኤች በራሱ ኤክስዜድን አይጠቀምም። ዴቢያንና ፌዶራ «ተነስቻለሁ» የሚለውን መልእክት ለሲስተምዲ እንዲልክ ብለው የሲስተምዲን ላይብረሪ አያያዙበት፤ ያም ኤክስዜድን ጎትቶ አመጣ። መልእክቱ እኮ በጥቂት መስመር ኮድ የሚላክ ነው! ኦፕንኤስኤስኤች በዚያው ዓመት ያለ ላይብረሪው ራሱ መላክ ጀመረ። ለዚህች አጭር መልእክት ያን ሁሉ ኮድ የበር ጠባቂው ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም ነበር።

*

ቮይድ ሊኑክስ የሚነሳው በራንኢት ነው። ማሰናዳት፣ ማስኬድ፣ መዝጋት፤ ሦስት ደረጃ ብቻ። ለአንድ አገልግሎት አንድ ፎልደር፣ በውስጡም ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት መስመር የማይሞላ ስክሪፕት። ተቆጣጣሪው የአገልግሎቱ ወላጅ ስለሆነ ሞቱን ወዲያው ያውቃል፣ መልሶም ያስነሳዋል፤ የቁጥር ፋይል አያሻውም። ቅደም ተከተል ግን በራሱ አያውቅም፦ ዳታቤዙን የሚጠብቅ አገልግሎት ወድቆ እየተነሳ ይሞክራል። ለላፕቶፕና ለትንሽ ሰርቨር ይህ ይበቃኛል። ብዙ አገልግሎት እርስ በርሱ በሚጠባበቅበት ማሽን ግን ሲስተምዲን እመርጣለሁ።